ግልጽ ደብዳቤ፦ ለቤት ባለቤቶች ማኅበራት ቦርዶች እና ስብሰባ ለማትመጡ ጎረቤቶቼ

ይድረስ፦ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትገኙ የቤት ባለቤቶች ማኅበራት ቦርድ አባላት፤
ይድረስ፦ በእነዚህ ማኅበራት ሥር ቤት ገዝታችሁ ለምትኖሩ ኢትዮጵያውያን ጎረቤቶቼ፤

ጤና ይስጥልኝ።

ቤት ስንገዛ ብዙ እንጠይቃለን። ስለ ወለዱ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ቤዝመንቱ፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ስላለው ቅርበት። በክሎዚንጉ፣ ማለትም ሽያጩ በሚጠናቀቅበት ቀን ከሚፈረመው የወረቀት ክምር ውስጥ ግን አንዱ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነበብ ያልፋል። እሱም የማኅበሩ ደንብ ነው። ኤችኦኤ የምንለው፣ በአንድ መንደር ቤት የገዛ ሁሉ አባል የሚሆንበት ማኅበር ማለቴ ነው። ደንቡ ከመሬቱ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ቤቱን የገዛ ሁሉ ደንቡንም አብሮ ይገዛል። በራችሁ ምን ቀለም እንደሚቀባ ይወስናል። እንግዳችሁ መኪናውን የት እንደሚያቆም ይወስናል። በወር ስንት እንደምትከፍሉ፣ ካልከፈላችሁም ዕዳው በቤታችሁ ላይ እንዴት እንደሚመዘገብ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ በሥራ ላይ የሚያውሉትና የሚቀይሩት ስብሰባ የሚመጡ ሰዎች ናቸው። የእኛ ሰዎች አይመጡም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ጎረቤቶቼ እንድትመጡ፣ ቦርዶቹም መምጫውን እንድታቀኑልን ነው።

ነገሩ የሳርና የቀለም ጉዳይ ብቻ ከመሰላችሁ፣ እባካችሁ የዚህን አገር መንደሮች ታሪክ አብረን እንይ። እኔ የምኖረው በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ በቦዊ ከተማ ነው። ቦዊን ከትንሽ የባቡር ጣቢያ ከተማነት አውጥቶ ትልቅ ያደረጋት ዊሊያም ሌቪት የሚባል ቤት ሠሪ ነው። የእሱ ነገር የሚጀምረው ግን እዚህ አይደለም፤ ኒውዮርክ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ፣ ከግንባር የተመለሱት የአሜሪካ ወታደሮች መኖሪያ አጡ። ትዳር ይዘው፣ ልጅ ወልደው፣ ከወላጆቻቸው ጋር ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። መንግሥት በ1944 ባወጣው የተመላሽ ወታደሮች ሕግ የቤት ብድር ዋስ ሆኖላቸዋል። ብድሩ ነበር፤ የሚገዛ ቤት ግን አልነበረም። ሌቪት ከአባቱ ከአብርሃምና ከወንድሙ ከአልፍሬድ ጋር ሆኖ፣ ሎንግ አይላንድ ላይ ድንች ይመረትበት የነበረ ሰፊ ሜዳ ያዘ። ቦታው አይላንድ ትሪስ ይባል ነበር። ብዙም ሳይቆይ በቤተሰቡ ስም ሌቪታውን ተባለ።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ልብ በሉልኝ። ሌቪት ቤቶቹን ያለ ቤዝመንት፣ በቀጥታ በኮንክሪት ወለል ላይ ሊያቆማቸው ፈለገ። ወጪ ይቀንሳል፣ ሥራም ይፈጥናል። የአካባቢው አስተዳደር የሄምፕስቴድ ታውን የግንባታ ሕግ ግን ቤዝመንት ግዴታ ነው ይል ነበር። በሜይ 1947 ታውኑ ሕጉን ለመቀየር የሕዝብ ስብሰባ ጠራ። በመቶዎች የሚቆጠሩ የቀድሞ ወታደሮች መጥተው አዳራሹን ሞሉት። ብዙዎቹ ቤት ፈላጊዎች ነበሩ። ሕጉ ተቀየረ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች ዕቃቸውን ጭነው ገቡ።

አዳራሽ የሞላ ሕዝብ ሕግ ያስቀይራል። ይህን ይዘን እንቀጥል።

የቤቶቹ አሠራር እስከ ዛሬ ያስገርማል። ሥራው በ27 ያህል ደረጃዎች ተከፋፈለ። አንዱ ቡድን ወለል ያፈሳል፣ ሌላው ግድግዳ ያቆማል፣ ሌላው ቀለም ብቻ ይቀባል። ቤቱ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ሠራተኞቹ ናቸው ከቤት ወደ ቤት የሚያልፉት። ሥራው በጋለበት ወቅት በአንድ ቀን ከ30 በላይ ቤት ያልቅ ነበር። እስከ 1951 ድረስ 17,447 ቤቶች ተሠሩ። መጀመሪያ ኪራዩ በወር 60 ዶላር ነበር። በ1949 ቤቶቹ በ7,990 ዶላር መሸጥ ጀመሩ፤ የቀድሞ ወታደር ቅድሚያ ክፍያ ሳይከፍል፣ በወር 58 ዶላር እየከፈለ የቤት ባለቤት ሆነ። ከኪራዩ ያነሰ ማለት ነው። ይህ ለአንድ ትውልድ የሀብት መነሻ ሆነ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ቤት ያላቸውና የሌላቸው ቤተሰቦች ልዩነት ከየት መጣ ለሚል ሰው፣ አንዱ መልስ እዚህ ሜዳ ላይ ነው ያለው።

ሌቪት ደንብም ነበረው። አጥር ማጠር ክልክል ነው። ሳር በየሳምንቱ ይታጨዳል። ሳሩን ያላጨደ ሰው ካለ፣ ሌቪት ሠራተኛ ልኮ ያሳጭድና ሂሳቡን ለነዋሪው ይልክለታል። የታጠበ ልብስ ቅዳሜና እሁድ ውጭ አይሰጣም። በኤችኦኤ ሥር ለምትኖሩ ሰዎች ይህ ሁሉ አዲስ አይመስልም፤ ልክ ትናንት በፖስታ የመጣላችሁ ማስጠንቀቂያ ይመስላል።

ከደንቦቹ መካከል ግን አንዱ ይለያል። በመጀመሪያዎቹ የኪራይ ውሎች አንቀጽ 25 ላይ፣ ቤቱ ውስጥ ከነጭ ዘር ውጭ የሆነ ሰው እንዳይኖርና እንዳይጠቀምበት ተጽፎ ነበር። ነጭ ያልሆነ የቤት ሠራተኛ ብቻ ይፈቀዳል። ማጠብ፣ ማብሰል፣ ልጅ ማሳደግ ይቻላል። መኖር አይቻልም።

ይህን ሌቪት ብቻውን አላመጣውም። ለብድሩ ዋስ የሚሆነው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር በ1930ዎቹ ባወጣው መመሪያ፣ እንዲህ ያለ የዘር ገደብ በመሬት ሰነድ ላይ እንዲጻፍ ራሱ ይመክር ነበር። ገደቡ ያለበት ሰፈር አስተማማኝ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። በሌላ አነጋገር ማግለሉ የባንኩም፣ የመንግሥቱም፣ የቤት ሠሪውም የጋራ አሠራር ነበር።

በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ እንዲህ ያሉ ገደቦችን ፍርድ ቤቶች ማስፈጸም አይችሉም ብሎ ወሰነ። ከጉዳዮቹ አንዱ የመነጨው እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ብራያንት ስትሪት ላይ ነው። ከዩ ስትሪትና ከሻው ሰፈር፣ የእኛ ሰዎች ብዙ ሬስቶራንቶች ከከፈቱባቸው አካባቢዎች፣ ብዙም አይርቅም። ከውሳኔው በኋላ አንቀጽ 25 ከሌቪታውን ውል ወጣ። አሠራሩ ግን አልወጣም።

በ1949 ዩጂን በርኔት የሚባል ጥቁር የቀድሞ ወታደር ከባለቤቱ ጋር ቤት ሊገዛ ሌቪታውን ሄደ። እሱም ለዚያችው አገር የዘመተ ሰው ነው፤ ብድሩም በሕግ ይገባዋል። ሻጩ፣ ባለቤቶቹ ለጥቁሮች ለመሸጥ ገና አልወሰኑም ብሎ መለሰው። በ1950 ደግሞ ልጆቻቸው ከጥቁር ልጆች ጋር እንዲጫወቱ የፈቀዱ ሁለት ነጭ ቤተሰቦች የኪራይ ውላቸው እንዳይታደስ ተደረገ። ሌቪት በ1954 የተናገረው ይታወቃል፦ «የቤት ችግርን መፍታት እንችላለን፤ ወይም የዘር ችግርን ለመፍታት መሞከር እንችላለን። ሁለቱን ግን ማጣመር አንችልም።» እኔ ይህን አልቀበለውም። ማን ይገባል፣ ማን አይገባም ብሎ በር ላይ የቆመው ራሱ ሆኖ ሳለ፣ በዘር ጉዳይ ውስጥ የለሁበትም ማለት አይችልም። በ1960 ሌቪታውን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይዞ ጥቁር ነዋሪ የለውም ማለት ይቻል ነበር።

ሁለተኛው ሌቪታውን በ1950ዎቹ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ፣ ባክስ ካውንቲ ተሠራ። እዚያ በኦገስት 1957 ዊሊያምና ዴዚ ማየርስ የሚባሉ ጥቁር ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ቤት ገዝተው ገቡ። ቤቱን የሸጠላቸው ሌቪት አይደለም፤ ቀድሞ የገዛ ነዋሪ ነው። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ከቤታቸው ፊት ለፊት ተሰበሰበ። ድንጋይ ተወረወረ፣ መስኮት ተሰበረ። የግዛቱ ገዥ ጆርጅ ሊደር የግዛቱን ፖሊስ ላከ። ዛቻው ለሳምንታት ቀጠለ፤ በመጨረሻ ፍርድ ቤት አስቆመው። ማየርሶች አልለቀቁም። አጠገባቸው የቆሙ ነጭ ጎረቤቶችም ነበሩ፤ ይህም አብሮ መነገር አለበት።

አሁን ወደ አስተዳደሩ ልግባ፤ ቦርዶቹም ጎረቤቶቼም በደንብ እንድታዩልኝ የምፈልገው ይህን ነው። የኒውዮርኩ ሌቪታውን ይህን ሁሉ ሕዝብ ይዞ ከተማ አይደለም። ከንቲባ የለውም፣ የራሱ ምክር ቤት የለውም። በአመዛኙ የሚተዳደረው በሄምፕስቴድ ታውንና በናሶ ካውንቲ ነው። ትምህርት ቤቱ ለብቻው አስተዳደር አለው፤ እሳት አደጋውም እንደዚያው። የፔንሲልቬኒያው ደግሞ በአራት የተለያዩ አስተዳደሮች ተቆራርጦ ነው የተቀመጠው። ሰዉ አንድ ሰፈር እኖራለሁ ይላል፤ አቤቱታውን ግን ወዴት እንደሚወስድ ግራ ይገባዋል። ሥልጣን እንዲህ ሲበታተን የሚጠቀመው መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነው። አዲስ መጤው ይቀርበታል።

ቦዊ በሌላ መንገድ ሄደች። ሌቪት በ1957 የቤሌርን ርስት ገዛ። በ1700ዎቹ የቅኝ ግዛቱ ገዥ ሳሙኤል ኦግል የያዘው፣ በባርነት የተያዙ ሰዎች የለፉበት መሬት ነው። በኋላ የዉድዋርድ ቤተሰብ የእሽቅድምድም ፈረስ ያረባበት ነበር፤ ጋላንት ፎክስና ኦማሃ የተባሉት ስመ ጥር ፈረሶች የቤሌር ናቸው። ከ1960 ጀምሮ ሌቪት በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ሠራበት። ሰፈሮቹ በፊደል የተከፋፈሉ ናቸው፤ በአንድ ሰፈር ያሉት መንገዶች ስም በአንድ ፊደል ይጀምራል። እዚህም ለጥቁር አልሸጥም አለ። በ1963 የመብት ተሟጋቾች ወደ ሽያጭ ቢሮው መጥተው ተቃወሙ። አሁንም እንቢ አለ። በሩን በሕግ የከፈተው የ1968ቱ የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ ነው።

ነገር ግን ቦዊ ቀድሞም ከተማ ነበረች። አዲሱን ሰፈር ወደ ራሷ አስተዳደር ቀላቀለችው። ከንቲባና ምክር ቤት አላት። ከ1964 ጀምሮ ለዓመታት የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ የሚሠራው በዚያው በርስቱ አሮጌ ትልቅ መኖሪያ ቤት ውስጥ ነበር። ነዋሪው አቤት የሚልበት አንድ በር ነበረው። ዛሬ ቦዊ ወደ 58,000 ሰው ይኖርባታል፤ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ጥቁሮች ናቸው። በ2019 የመጀመሪያውን ጥቁር ከንቲባዋን ቲም አዳምስን መረጠች። ኒውዮርክ ያለው ሌቪታውን ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ጥቁር ነዋሪ በጣም ጥቂት ነው። ለዚህ ልዩነት ብዙ ምክንያት አለ። የካውንቲው ጥቁር መካከለኛ መደብ ማደግ፣ የዋሽንግተን የመንግሥት ሥራ ቅርበት፣ ሌላም። ቢሆንም ሰው የሚመርጠውና የሚመረጥበት ቦታ መኖሩ ቀላል ነገር ነው ብዬ አላምንም።

ከሌቪት በኋላ የተሠሩት ሰፈሮች ብዙዎቹ በኤችኦኤ የሚተዳደሩ ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ካውንቲው መንገዱን፣ የበረዶ ጠረጋውን፣ የዝናብ ውሃ ኩሬውን፣ መጫወቻውን በራሱ ወጪ መያዝ አይፈልግም። ቤት ሠሪው ማኅበር ያቋቁምና ኃላፊነቱን ለነዋሪው ያስረክባል። በ1970 በመላው አሜሪካ ወደ 10,000 የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ማኅበራት ነበሩ። ዛሬ ከ350,000 ይበልጣሉ። አብዛኛው ቤት እስኪሸጥ ድረስ ቦርዱን የሚመራው ቤት ሠሪው ነው፤ ደንቡንም የሚያረቀው የእሱ ጠበቃ ነው። ከዚያ በኋላ ቁልፉ ለነዋሪው ይሰጣል። ነዋሪው ካልተቀበለ ደግሞ ሦስት አራት ሰው ይይዘዋል። እነዚያ ሰዎች ክፉ ናቸው አላልኩም። ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ፣ ማታ ማታ፣ ከሥራ ደክመው መጥተው የሚለፉ ናቸው። ሌላ ሰው ስለማይመጣ ግን የሚያውቁት የራሳቸውን ኑሮ ብቻ ነው።

ለዚህ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በማውቀው አንድ መንደር ለቅሶ ነበር። ሰው ከሲልቨር ስፕሪንግም ከአሌክሳንድሪያም መጣ። የእንግዳ ማቆሚያው ሞላ፤ መኪኖች በመንገዱ ዳር ቆሙ። ማታ ላይ የጎታች መኪና መጥቶ የአልቃሾቹን መኪኖች አንድ በአንድ ወሰደ። ሐዘንተኛዋ እናት ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ይህን ሰማች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የማኅበሩ ሰዎች ለቅሶ ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር። የነገራቸው ሰው የለም። ደንቡ ከዓመት በፊት ሲወጣ በስብሰባው ላይ አንድም ኢትዮጵያዊ አልነበረም፤ በመንደሩ ግን ከሃያ የማያንስ ቤት የእኛ ነው።

የሚገርመው ማኅበር ማስተዳደር ለእኛ አዲስ አለመሆኑ ነው። እድር አለን። ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ እንመርጣለን። የቀረ ይቀጣል። መዋጮ ያልከፈለ ይጠየቃል። ሒሳብ በጉባኤ ይነበባል፤ አንድ ብር ብትጎድል ሌሊቱን ሙሉ ይጨቃጨቁባታል። ኤችኦኤም በአሠራሩ ከእድር አይርቅም። ልዩነቱ ኤችኦኤ ቤታችሁን ሊያስይዝ መቻሉ ነው። እድር ላይ ያን ያህል የምንቆረቆር ሰዎች፣ ቤታችንን የሚይዘው ማኅበር ሒሳብ ሲያቀርብ ለምን እንቀራለን? የሥራ ሰዓት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሁለት ሥራ የሚሠራ አለ፤ ሌሊት የሚነዳ አለ። ለዚህም የውክልና ድምጽ አለ። ቅጹን ሞልታችሁ ለምታምኑት ጎረቤት ስጡ። ብዙ ማኅበራት ዓመታዊ ስብሰባቸው ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ ይበተናል፤ የእናንተ አንድ ወረቀት ያሟላው ይሆናል።

ሕጉም ከጎናችሁ ነው። የሜሪላንድ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሕግ ከ1987 ጀምሮ አለ። የቨርጂኒያው ከ1989 ጀምሮ። በሁለቱም ግዛቶች የቦርድ ስብሰባ በመሠረቱ ለአባላት ክፍት መሆን አለበት፤ የማኅበሩን መዝገብና ሒሳብ የማየት መብትም አላችሁ። ቤት ለመግዛት የምታስቡ ደግሞ የማኅበሩ ሰነድ ከክሎዚንጉ በፊት ሊሰጣችሁ ይገባል። ኤጀንታችሁን ጠይቁ፤ አንብቡት፤ ካልገባችሁ ልጆቻችሁን አስነብቡ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ የምትኖሩ፣ ካውንቲው የማኅበራትና የነዋሪዎችን ክርክር የሚያይ ኮሚሽን አለው። ለቦርድ የተመረጠ ሰው እዚያ ሥልጠና መውሰድ አለበት። ስለዚህ «እኔ ምን አውቄ» አትበሉ፤ የሚያስተምር አለ።

ለቦርዶቹ የምጠይቀው እንዲህ ነው። መንደራችሁ ውስጥ አማርኛ ተናጋሪዎች ካሉ፣ የዓመታዊ ስብሰባው ጥሪ አንድ ገጽ በአማርኛ ይውጣ። መተርጎሚያ ገንዘብ የለንም ካላችሁ ጎረቤት ጠይቁ፤ በነጻ የሚሠራ ታገኛላችሁ። ስብሰባውን እሁድ ጠዋት አታድርጉት፤ ያኔ ብዙዎቻችን ቤተ ክርስቲያን ነን። በለቅሶና በሠርግ ጊዜ የእንግዳ መኪና ለተወሰኑ ቀናት የሚፈቀድበት መንገድ ይኑር፤ ቤተሰቡ ወደ አንድ ቁጥር ደውሎ ቢያስመዘግብ ይበቃል። ቅጣት ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ሰው በር ያንኳኳ። የምትኖሩበት ሰፈር ከ1950ዎቹ በፊት የተከፋፈለ መሬት ከሆነ ደግሞ፣ የቆየው የመሬት ሰነድ ውስጥ የዘር ገደብ እንዳለ አስፈትሹ። ቃሉ ዛሬ ሥልጣን የለውም፤ ግን በሰነዱ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም በሕግ የሚሰረዝበት መንገድ አለ። ያንን መሰረዝ ከሁሉ በላይ ፈቃደኝነት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ለጎረቤቶቼ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ማኅበራት በጀታቸውን የሚያጸድቁትና ቦርድ የሚመርጡት በመጸው ወራት ነው። ፖስታው በመንገድ ላይ ይሆናል። ከማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር አትጣሉት። ቀኑን ስልካችሁ ላይ አስገቡ፤ አጠገባችሁ ላለው ሐበሻም ንገሩት። ከመንደራችን አንድ ሰው ለቦርድ ለመወዳደር ቢነሳ እኔ በር ለበር ዞሬ ድምጽ አሰባስብለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከቦዊ፣ ሜሪላንድ ነዋሪ